ቁልምጫውን አስቀድመሽ ጥሪው

ልጄ፣

ሐኪሙ ወንድ መሆኑን ከነገረሽ ወዲህ አንቺና ባለቤትሽ ስም ስትመርጡ እንደምታመሹ እናትሽ አጫውታኛለች። ሙሉው ስም ቁም ነገር ያለው፣ ሲያሳጥሩት ደግሞ አፍ ላይ የሚጣፍጥ ይሁን ብላችኋል አሉ። ደስ አለኝ። አብዛኛው ወላጅ ለሙሉው ስም ሲጨነቅ ይከርምና ቁልምጫውን እንደመጣ ይቀበለዋል፤ ልጁ ግን ውሎ አድሮ የሚሰማው ቁልምጫውን ነው። ከእንቅልፉ ስትቀሰቅሺው፣ ስታጎርሺው፣ ወድቆ ስታነሺው ሙሉ ስሙን አትጠሪም። በመምህርነት ዘመኔ የስም ጥሪ መዝገብ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም ነበር፤ ወላጆች ልጃቸውን ፍለጋ ወደ ክፍሌ በር ሲመጡ ግን መዝገቡ ላይ በሌለ ስም ይጠሩታል። ያን ጊዜ የልጁን ፊት አያለሁ። የሚፈካ አለ፣ የሚሸማቀቅም አለ። የምመክርሽ ያንን ፊት እያሰብኩ ነው።

፩. ስሙን ከመጻፍሽ በፊት ድምፅ አውጥተሽ ጥሪው

ስም የጆሮ ነገር ነው። ባለቤትሽ ደጅ ይቁምልሽና ከጓዳ ሆነሽ ምሳ እንደቀረበለት ልጅ ጥሪው። ቀጥሎ የተኛ ሕፃን እንደምትቀሰቅሺ ዝግ አድርገሽ ጥሪው። ከዚያ ብርጭቆ እንደሰበረ ልጅ ቆጣ ብለሽ ከነአባቱ ስም ጥሪው፤ በእኛ ቤት እናት ሙሉ ስም ከነአባት ስም ከጠራች ነገር እንዳለ የማያውቅ ልጅ የለም። በሦስቱም አጠራር ደስ የሚልሽን ስም ያዢው።

በዚህ ፈተና ረጅም ስም ያሸንፋል። ይድነቃቸው፣ እንዳልካቸው፣ አንዳርጋቸው ለቁጣም ለመድረክም ሙሉ ናቸው፤ በፍቅር ጊዜ ደግሞ ይድኔ፣ እንዳሌ፣ አንዳርጌ ይሆናሉ። አጭር ስም ጥፋት የለበትም። ከአቤልና ከናሆም ላይ ግን የሚቆረጥ የለም፤ ያለሽ አማራጭ መጨመር ነው፤ አቤልዬ፣ ናሆምዬ ትያለሽ።

የአባቱን ስም አብረሽ መጥራትሽን አትርሺ። የአማርኛ ስሞች ብዙዎቹ ግስ ወይም ዓረፍተ ነገር ስለሆኑ የልጅና የአባት ስም ሲገናኙ ሳይታሰብ ሌላ ነገር ይናገራሉ። በላይ ዘለቀ ሲባል ሁለቱ ስሞች ተጋግዘው እንዴት እንደሚያምሩ ስሚ። ተቃራኒው ሲያጋጥም ደግሞ ልጁ ዕድሜ ልኩን ሲሳቅበት ይኖራል።

፪. ቋንቋችን የሚያቆላምጥበትን መንገድ እወቂ

አማርኛ ስም የሚያለሰልስበት የራሱ መንገድ አለው። መንገዱን ካወቅሽ የትኛው ስም ምን ቁልምጫ እንደሚወልድ ልጁ ሳይወለድ ታያለሽ።

የጥንቱ "ዬ" ነው። ኃይልዬ፣ ተክልዬ፣ ሙልዬ፣ ታድዬ። ይህ ቁልምጫ ዕድሜ አይመርጥም። እናት ለጨቅላዋ ትለዋለች፣ ሚስት ለባሏ ትለዋለች፣ ያረጀች እህትም ጸጉሩ ለሸበተ ወንድሟ ትለዋለች። የአፄ ቴዎድሮስ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ በ1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲዋጋ የወደቀው በዚህ ስም ነው፤ ታሪክም ሌላ ስም አልፈለገለትም። "ዬ" ወንድ ልጅ ያሞላቅቃል የሚልሽ ሰው ካለ ገብርዬን አስታውሺው።

ሁለተኛው መንገድ የስሙን ፊት ይዞ በ"ኤ" ድምፅ መዝጋት ነው። አበበ አቤ ይሆናል፣ ከበደ ከቤ፣ ታደሰ ታዴ፣ ደረጀ ደሬ፣ ተሾመ ተሼ። ይህ የጓደኛ አጠራር ነው፤ ኳስ ሜዳ ላይ "አቤ አቀብለኝ!" ለማለት ይመቻል። ችግሩ ብዙ ስም ወደ አንድ ቁልምጫ መሰብሰቡ ነው። ሙሉጌታም፣ ሙሉቀንም፣ ሙሉነህም፣ ሙሉዓለምም ሙሌ ይባላሉ። ከመወሰንሽ በፊት በግቢያችሁና በዘመድ ቤት ስንት ሙሌ እንዳለ ቁጠሪ። ሌላም አደጋ አለው፤ ሲያሳጥሩት ሌላ ነገር የሚሆን ስም ሞልቷል። በረከት በዚህ መንገድ ቢሄድ በሬ ይሆናል፣ ዱባለም ዱባ ብሎ የሚጠራው አያጣም። በረከት ደስ የሚል ስም ነው፤ ከመረጥሽው ገና ከጅምሩ ቤኪ ወይም በረከትዬ ብለሽ መንገዱን ያዢለት። ጎሹ ግን በዚህ ነገር የታደለ ስም ነው፤ ሲያጥር "ጎሽ!" የሚል ሙገሳ ይሆናል።

ሦስተኛው "ሽ" ነው፤ ተስፍሽ፣ ግርምሽ፣ አብርሽ፣ ጌትሽ፣ ሀብትሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወንድን በሴት አጠራር ማቆላመጥ በአገራችን የቆየ የፍቅር ልማድ ነው፤ ወንድ ሕፃን "ነይ እስቲ፣ ማን አስለቀሰሽ" እየተባለ ነው ያደገው፤ ወንድሞችሽም እንዲሁ አድገዋል። ልጁን አይጎዳውም፤ በአንደበትሽ ያለውን ፍቅር ከልክለሽ አትያዢበት። ሆኖም "አንቺ" እያሉ ማቆላመጥ ጊዜ አለው። ትምህርት ቤት ገብቶ በጓደኞቹ ፊት "እንዲህ አትበዪኝ" ያለሽ ቀን ተዪው። አትከራከሪው፣ አትሳቂበትም። "ሽ" ያለበት ስም ግን አብሮት ያድጋል፤ ጎረምሶች ራሳቸው እርስ በርስ ይጠራሩበታል፣ ግርምሽ የሚባል የልጆች አባትም አውቃለሁ፣ ስሙ አላነሰበትም።

አራተኛው የከተማው "ኢ" ነው። ዳንኤል ዳኒ፣ ሚካኤል ሚኪ፣ ሳሙኤል ሳሚ፣ ናትናኤል ናቲ፣ ቢንያም ቢኒ ይባላሉ። የእኔ ዘመን ሰዎች የፈረንጅ ነው ብለው ይቃወሙታል፤ እኔ አልቃወመውም። ቴዎድሮስ ካሣሁን የንጉሥ ስም ይዞ አገር የሚያውቀው ቴዲ ተብሎ ነው፤ ቴዎድሮስነቱ አልቀረበትም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሚኪ ስትዪ ሚካኤል ይሁን ሚልክያስ ወይም ሌላ አይታወቅም፤ ከስሙ ውስጥ የተመረቀበት ነገር አይሰማም። ተስፍሽ ስትዪ ግን ተስፋው አለ። ግርምሽ ስትዪ ግርማው አለ። ሀብትሽ ስትዪ ሀብቱ አለ። ሁለት ስም እኩል ከወደድሽ፣ አጥሮም ምርቃቱ የሚሰማበትን ምረጪ። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢልኝ።

፫. የታላቅ እህቱን ቁልምጫ አስቢ

ማህሌትን ማሂ ትሏታላችሁ። ልጁን ማቲያስ ብላችሁ ማቲ ካላችሁት ከጓዳ "ማ..." ባልሽ ቁጥር ሁለቱም ይመጣሉ፣ ወይም ሁለቱም አይመጡም። በሌላ ፊደል የሚጀምር ፈልጊ።

፬. በራሱ ቁልምጫ የሆነ ስምም አለ

ተስፋዬን አስቢው። የቀበሌው ጸሐፊ፣ የባንኩ ገንዘብ ከፋይ፣ የማያውቀው መንገደኛ ሁሉ ሲጠሩት ሳይታወቃቸው የእናቱን ቃል ይደግማሉ። ጸጋዬም፣ ንጉሤም እንዲሁ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ከመረጥሽ ቁልምጫ ፍለጋ አትድከሚ፤ አፍሽ ራሱ ያመጣዋል።

፭. ያጣሽውን በዚህኛው ልጅ ስም አትሸከሚ

ከዚህ እርግዝና በፊት የደረሰብሽን አልረሳሁም፤ ስለዚህ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። እናቶቻችን ልጅ ሞቶባቸው ሌላ ሲወልዱ ካሣ፣ ካሣሁን፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ማስረሻ ይሉ ነበር። ትልልቅ ሰዎች በእነዚህ ስሞች አድገዋል፤ አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስ አራተኛም ከመንገሣቸው በፊት ስማቸው ካሣ ነበር። ስሞቹ የተከበሩ ናቸው፤ የእናትን እንባ ያበሱም ናቸው።

እኔ ግን ከእነዚህ አንዱን እንድታወጪለት አልመክርሽም። ክፍሌ ውስጥ እነዚህን ስሞች የያዙ ልጆች "ለምን እንዲህ ተባልክ?" ተብለው ሲጠየቁ ስላላዩት ወንድማቸው ወይም እህታቸው ይናገራሉ። ስለራሳቸው የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። ለትንሽ ልጅ ይህ ከባድ ነው። የሄደው ልጅሽ በልብሽ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው፤ የሚመጣው የራሱን ስም ይዞ ይምጣ። ባለቤትሽ ካሣሁን ካላልነው ብሎ ከጸና ደግሞ አትጋጩ፤ ካስዬ በዪው፣ ታሪኩን ግን ራሱ ጠይቆ እስኪረዳ ድረስ በየእንግዳው ፊት አታንሺበት።

ለጎረቤት መልስ ተብሎ ስለሚወጣ ስምም ቃል ልጨምር። ይበልጣል፣ ማናየህ፣ አሸብር የሚሉት ስሞች አንዳንዴ ከጠብ ይወለዳሉ። ጠቡ ይረሳል፣ ልጁ ግን ስሙን ይዞ ከባላንጣው ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል።

፮. የክርስትና ስሙ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር

ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ካህኑ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ወልደ ሚካኤል ይሆናል፣ ኃይለ ማርያም ይሆናል፣ ገብረ መድኅን ይሆናል። ከዚያ በኋላ በብዙ ቤት ስሙ በወረቀት ላይ ይቀራል፤ ሰውየው ሲሞት ለፍትሐት ስሙ ሲጠየቅ ዘመድ ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

የነገሥታቱ ስም እንዴት እንደኖረ ተመልከቺ። ዳግማዊ ምኒልክ በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበሩ። ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት አዲስ ስም ፈልገው አልነበረም፤ የክርስትና ስማቸው ነው። የማይጠሩበት የመሰለ ስም ቀኑ ሲደርስ ለንግሥና ሆነ።

አንቺም ስሙን ሥራ ላይ አውዪው። የክርስትና ስም ለቁልምጫ የተመቸ ነው፤ ወልደ ወልዴ ይሆናል፣ ኃይለ ኃይሌ፣ ተክለ ተክልዬ፣ ገብረ ገብርዬ። ለአንድ ሰው ስጪው። አያቱ በዚያ ብቻ ትጥራው፣ ወይም የክርስትና አባቱ። አንድ ሰው እንኳ አዘውትሮ ከጠራው ስሙ አይጠፋም።

ለሙስሊሟ ጓደኛሽም ይህን አድርሺላት፤ እሷም ልትወልድ ነው ብለሽኛል። እነሱ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ሲያደርጉ ስም ያወጣሉ፤ መሐመድ ሙሄ፣ ኢብራሂም ኢብሮ፣ ሙስጠፋ ሙስጤ እየተባሉ ያድጋሉ። አብዱልረህማንን ወይም አብዱልከሪምን ሲያሳጥሩ አብዱን ይዘው ነው። ፊቱን ጥለው ረህማን ብቻ ማለትን ዐዋቂዎቹ አይወዱም፤ የፈጣሪ ስም ነውና። ይህን ከአያቷ ብትጠይቅ ይነግሯታል።

፯. "ስሙ እስኪወጣ" ብለሽ የምትጠሪበት ስም ይጣበቃል

ማሙሽ፣ አቡሽ፣ ባቢ፣ ኩኩ። ወላጅ ስም መወሰን ሲያቅተው ለሳምንት ብሎ የጀመረው ስም ነው ሃምሳ ዓመት የሚቆየው። አልጠላቸውም። ማሞ ራሱ ትንሽ ወንድ ልጅ ሁሉ የሚጠራበት ቃል ነው፤ ማሞ ወልዴ ግን በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ ዓለም የሰማው ይህንኑ ስም ነው። ሆኖም ስሙ በሙሉ ልብ ተመርጦ ሲወጣና ባለመወሰን ሲጣበቅ አንድ አይደለም። ከሆስፒታል ስትወጪ ቁልምጫውን ይዘሽ ውጪ።

የልደት ምዝገባ ላይ ግን ቁልምጫውን አታስጽፊ። ሕጉ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ የአርባ ቀኑ ክርስትና በመካከል ስለሚውል ለማሰቢያ በቂ ጊዜ አለሽ። በቅርቡ ቢኒ፣ ባቢ ብለው የሚያስመዘግቡ ወላጆች አያለሁ። ልብ ያላሉት ነገር አለ። በእኛ አገር የቤተሰብ ስም አልተለመደም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፣ ሕዝቡ ግን በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። ስለዚህ ዛሬ የምታስጽፊው ስም ነገ የልጅ ልጅሽ ሁለተኛ ስም ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ፣ የልጅ ልጅሽ ወንድ ከሆነ፣ የልጁ ሦስተኛ ስም። የልጅ ልጅሽ ዳኛ ሆና ችሎት ላይ ስሟ ሲነበብ ከእሷ ስም ቀጥሎ የሚሰማው ይህ የምትመርጪው ነው። ሙሉውን፣ የሚያኮራውን አስጽፊ፤ አጭሩ በቤት ይኑር።

፰. ስሙ የአንቺም መጠሪያ ይሆናል

ሰፈር ውስጥ ከእንግዲህ በስምሽ የሚጠራሽ ጥቂት ነው። አሁን የማሂ እናት ነሽ፤ ልጁ ሲወለድ የእሱ እናት የሚሉሽም ይመጣሉ። እድሩ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ክሊኒክ ተራ ስትጠብቂ የሚጠሩሽ በእሱ ቁልምጫ ነው። በ"የ" እና በ"እናት" መካከል አስገብተሽ ጥሪውና እስቲ እንዴት እንደሚሰማሽ እይው።

፱. ቤት ያላወጣውን መንገድ ያወጣዋል

"ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት" ይባላል። ጎረቤት የሚቀበለው ግን ከቤት ሲሰጠው ነው። ደስ የሚል ቁልምጫ ይዞ ወደ መንገድ የወጣ ልጅ ጓደኞቹ ያንኑ ይዘው ይጠሩታል። ባዶውን የወጣውን ልጅ ደግሞ ከአካሉ ላይ ስም ይፈልጉለታል። ኮልታፋ፣ ጆሮ፣ ድብልብል ይሉታል። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ያለውን ስም ከክፍል ለማስወጣት የደከምኩትን ያህል ለሌላ ነገር አልደከምኩም፤ አንዴ ከገባ ደግሞ እረፍት ሰዓት ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ክፉው ነገር ይህ አንዳንዴ ከቤት መጀመሩ ነው። "ጥቁሬ"፣ "ቀዮ" እያልን በፍቅር እንጠራለን። ፍቅሩ እውነት ነው፤ ልጁ ግን ከወንድሙና ከእህቱ ጋር በመልክ የሚነጻጸርበት ስም ነው፣ ሲያድግ መስታወት ፊት ያስታውሰዋል። በቤትሽ አትፍቀጂ። ዘመድ መጥቶ ቢለው በትሕትና "ልጄን በስሙ ጥሩልኝ" በዪ። በዚህ ነገር አትፈሪ፤ አክስቴ እንዲህ ብላኛለች በዪና በእኔ አሳብቢ።

፲. የኋለኛውን ስም ለራሱ ተይለት

ጥንት ጦረኛ ወንድ ለጎልማሳነቱ ሌላ ስም ነበረው፤ የፈረስ ስም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ተብለዋል። ወታደሩ ጌታውን በዚህ ይጠራዋል፣ አዝማሪው በዚህ ያወድሰዋል። ደጃዝማች ባልቻን አስቢያቸው፤ ባልቻ ሳፎ ሲባል ብዙ ሰው ቆም ብሎ ያስባል፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ሲባል ግን አድዋ ወዲያው ይመጣል።

ይህ ዘመን አልፏል፤ ነገሩ ግን አላለፈም። ልጅሽ አድጎ ጓደኞቹ ወይም የሥራ ባልደረቦቹ ስም ያወጡለታል፣ ምናልባትም ካንቺ ቁልምጫ ይበልጥ ይወደዋል። አትቀየሚ። በሥራው ያገኘው ስም ነው። እናት ከምታወጣው ስም ላይ የሚጠበቀው አድጎም የማያሳፍረው መሆኑ ነው። ስለዚህ ቁልምጫውን ከ"ጋሽ" ጋር አድርገሽ ሞክሪው። የጎረቤት ልጅ አንድ ቀን እንዲያ ብሎ ይጠራዋል።

ሕዝብ ንጉሡን "እምዬ ምኒልክ" ብሎ እንዳቆላመጠም አትርሺ። ንጉሥን በእናት መጥራት ነው፤ ክብሩንም አልቀነሰም። ቁልምጫ ትልቅን ሰው ያሳንሳል ለሚልሽ መልሱ ይኸው።

፲፩. ለባዕድ አፍ ብለሽ ስም አትምረጪ

የባለቤትሽ ወንድም ከቨርጂኒያ ደውሎ "ነገ እዚህ ቢመጣ ፈረንጅ የሚጠራው ስም ይሁን" እንዳለ ሰምቻለሁ። ሐሳቡ ከተቆርቋሪነት ነው። ጸ፣ ጠ፣ ጨ፣ ቀ ለውጭ አገር ሰው እንደሚከብዱ እውነት ነው፤ ጸጋዬም ጥላሁንም እዚያ ይቸገራሉ። ለዚህ ችግር ግን ቁልምጫ ይበቃል። ሙሉው ስም የእኛ ይሁን፣ አጭሩ ለሁሉም አፍ ይመች። ናትናኤል ናቲ ተብሎ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ይኖራል።

በዚህ ጉዳይ የእስራኤል ወገኖቻችን ብዙ አይተዋል። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን የሄዱት ቤተ እስራኤሎች ብዙዎቹ ሲደርሱ በቢሮና በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ልጆቹ አድገው በእናት አንደበት ወደሚያውቁት የአማርኛ ስማቸው የተመለሱ አሉ። ስም ከወረቀት ቢፋቅም ቤት ውስጥ ሲጠራ ከኖረ መመለሻ አለው።

አንድ የሥራ ነገርም ልጨምር። ስሙ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ ዛሬውኑ ወስናችሁ በልደት ወረቀቱም፣ በክትባት ካርዱም፣ በፓስፖርቱም አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይኑር። ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ማርያም ዓይነት ስም ከመረጣችሁ ደግሞ በላቲኑ አንድ ላይ አጣብቃችሁ አስጽፉት፤ ተለያይቶ ሲጻፍ ውጭ አገር ያለው ጸሐፊ ግማሹን የልጁ፣ ግማሹን የአባቱ ስም ያደርገዋል፣ ማስተካከሉም ብዙ ያንከራትታል።

፲፪. አያቶቹ የየራሳቸውን ስም ያውጡ

እናትሽ አንድ ስም ይዛ ትመጣለች፣ አማትሽም ሌላ። ሁለቱም በልጁ ስም ላይ የአባታቸውን ወይም የወንድማቸውን ትዝታ ያስባሉ። አትከልክያቸው። በአገራችን አንድ ልጅ በየቤቱ የተለያየ ስም ይዞ ማደጉ የተለመደ ነው፤ በአያቱ ቤት ሌላ፣ በአክስቱ ቤት ሌላ። ልጁ ግራ አይጋባም፤ ማን እንደጠራው ከስሙ ያውቃል። የሚመዘገበውን ግን አንቺና ባለቤትሽ ወስኑ፣ ለእነሱም ቀድማችሁ ንገሯቸው። በክርስትናው ድግስ ላይ ከእንግዳ መስማት የለባቸውም።

፲፫. እኔን ከጠየቅሽኝ

ቃለአብን እወደዋለሁ፤ ሲያጥር ቃሌ ይሆናል፣ ለአፍም ለጆሮም ቀላል ነው። ግርማን እወደዋለሁ፤ የዛሬ ወላጆች ያረጀ ይሉታል፣ ግርምሽ ሲባል ግን የሚወጣው ሙቀት ከየትኛውም አዲስ ስም አይገኝም። መክብብ ግርማ ያለው ስም ነው፣ መክቤ ሲሉት ልብ ያሞቃል። ከጥንቱ ከፈለግሽ ዘርዓ ያዕቆብ አለ፤ የ15ኛው መቶ ዘመን ንጉሥና ደራሲ ስም ነው፣ ቤት ውስጥ ዘርዬ ይባላል። አማኑኤል አማንዬ ይሆናል፤ ይህኛው ከቤተ ክርስቲያንም ከሰፈርም ጋር ይስማማል፣ ውጭ አገርም አይቸገርም። ያሬድን የመረጥሽ እንደሆነ ሳትቆርጪ በሙሉው ያሬድዬ ብለሽ ጥሪው፤ የቅዱስ ያሬድ፣ የቤተ ክርስቲያን ማሕሌት አባት ስም ስለሆነ ከእህቱ ከማህሌት ጋር ጎን ለጎን ሲጠሩ ደስ ይላል።

ከእነዚህም ይሁን ከራሳችሁ ሁለት መርጣችሁ እሑድ ለምሳ ኑ። ማሂን ሁለቱንም እያፈራረቅን እናስጠራታለን። ገና ሦስት ዓመቷ ነው፣ አፏም ሙሉ በሙሉ አልተፈታም፤ ለየትኛው እንደሚቀላት እንይ። ከሁላችንም በላይ ደጋግማ የምትጠራው እሷ ናትና።